የመኸር ወቅትና የበጀት ዘመን

በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ ከእርሻና ከምግብ ጋር የተያያዙ የተማሪዎች ሥራዎች ቀላል የማይባል ቦታ ይይዛሉ። በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ የበርበሬ ማድረቂያ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ፣ በውኃ ትነት እየቀዘቀዘ ቲማቲምን ለተወሰኑ ቀናት የሚያቆይ ማስቀመጫ፣ የእንሰት መፋቂያ፣ የጤፍ መዝሪያ፤ ሁሉም በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ሠሪዎቻቸውም አጠገባቸው ቆመው ሲያብራሩ እንመለከታለን። እንግዶች ያደንቃሉ፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹን ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም። የምናገኘው ሌላ ተማሪ የሠራውን፣ ያለፈው ዓመት ማድረቂያ የነበረበትን ጉድለት ሳይቀር እንዳለ የያዘ ሌላ ማድረቂያ ነው።

ለመሆኑ ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አዘውትሮ የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገንዘብ የለም የሚል ሲሆን፣ ሌላው የተማሪዎቹ ሥራ ገና ያልበሰለ ነው የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። በእኛ አስተያየት ግን ከሁለቱም የባሰው ችግር ያለው ገንዘቡ በሚመጣበት ጊዜና ከተማሪው ጎን በሚቆመው ሰው ላይ ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሙከራ ዛሬ ባይሳካ ነገ ይደገማል። የእህል ሙከራ ግን የሚደገመው እህሉ እንደገና ሲደርስ ነው። ኅዳር ያመለጠው ተመራማሪ የሚቀጥለውን ኅዳር ይጠብቃል።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናንሣ። የፊዚክስ ተማሪ የሆነች አንዲት ወጣት የእህል እርጥበት መለኪያ ለመሥራት አሰበች እንበል። ርእሱ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በጎተራ ውስጥ የሚጠፋው የገበሬ ሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእርጥበት ነው። በቆሎ ከ13 በመቶ ገደማ በላይ እርጥበት ይዞ ከተከማቸ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ ከሻጋታዎቹም አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውንና ጉበትን የሚጎዳውን መርዝ ያመነጫሉ። ገበሬው ይህን የሚፈትነው ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ፣ በእጁ ዘግኖ ድምፁን ሰምቶ ነው። ይህ የማይናቅ ዕውቀት ነው፤ ይሁንና በ13ና በ16 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት ጥርስ ሁልጊዜ አይለየውም።

የመለኪያው መርሕ በመጀመሪያ ዓመት የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት የምናስተምረው ነው። እህል በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየር ከፍሬው ጋር እርጥበት እየተለዋወጠ በመጨረሻ ሚዛን ላይ ይደርሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ገደማ ከሆነ በቆሎው 13 በመቶ ገደማ እርጥበት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬውን መለካት ሳያስፈልግ አየሩን መለካት ይበቃል። ለዚህም አንዲት ትንሽ የእርጥበትና የሙቀት ስሜት ሰጪ መሣሪያ፣ አንድ ማሳያና ባትሪ ካሉ ሥራው ይጀመራል። እንዲያውም ከዚህ የቀለለ ዘዴ አለ። በደንብ የደረቀ የገበታ ጨው ከእህሉ ናሙና ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መነቅነቅ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት ነው። ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ መርጠብ ስለሚጀምር፣ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። አንባቢ ዛሬ ማታ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

እንግዲህ የተማሪዋ መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ ለመሥራት ሁለት ሳምንት ይበቃው ይሆናል። ዐውደ ርእይ ላይ የሚቀርበውም በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ነው። ሳይንሱ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በአየሩ እርጥበትና በፍሬው እርጥበት መካከል ያለው ዝምድና ከእህል እህል ይለያያል፤ የበቆሎው መስመር ለማሽላ አይሆንም፤ የጤፍ ፍሬ ደግሞ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ አየር በመካከሏ የሚዘዋወረው በዝግታ ነው። መሣሪያው እውነቱን መናገሩን ለማረጋገጥ የታወቀው መንገድ ናሙናውን መዝኖ፣ በምድጃ አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ለሙሉ የበቆሎ ፍሬ የተለመደው መለኪያ 103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ72 ሰዓት ነው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት መብራት ሳይጠፋ! ይህን በአሥር የእርጥበት ደረጃዎች፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ እየደገሙ መሥራት ያስፈልጋል። እርጥብ እህል የሚገኘው ደግሞ ከማሳ በተነሣ ጊዜ ነው። ደረቁን እህል በቤተ ሙከራ መልሶ ማርጠብ ይቻላል፤ ነገር ግን እህል ሲደርቅና ሲረጥብ የሚከተለው መስመር አንድ ስላልሆነ በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት የማሳውን እህል በትክክል አይወክልም።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። የአገራችን የበጀት ዘመን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በትምህርት ካሳለፈች በኋላ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ርእስ ትመርጣለች፤ የጥናት ዕቅዷንም ብዙውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ታቀርባለች። በዚህ ጊዜ በቆሎው ተሸልቅቋል፤ ጤፉ አውድማ ላይ ነው። ዕቅዱ ሲጸድቅ የግዢ ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሦስት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፤ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ይከተላል። የጥቂት መቶ ብር ዕቃ ለመግዛት የሚሞላው ቅጽ የብዙ መቶ ሺህ ብር ዕቃ ለመግዛት ከሚሞላው ያን ያህል አያንስም። ገንዘቡ በሚያዝያ ቢደርስ በዚያን ጊዜ በየጎተራው ያለው እህል ደርቋል። ጽሑፉ በሰኔ መቅረብ አለበት። ያልተሠራበት ገንዘብም ሰኔ 30 ቀን ላይ ወደ መጣበት ይመለሳል። ተማሪዋ በመጨረሻ የምትጽፈው በሱቅ በተገዛ ደረቅ በቆሎ ላይ የተደረገ ሙከራ ይሆናል፤ ፈታኞችም «ናሙናው ውስን ነው» ብለው ያልፏታል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ገንዘብ አላባከነም። መሣሪያው ግን ለገበሬ የሚሆን አይደለም።

እኛ የሦስተኛ ዲግሪያችንን በተማርንበት አገር በትምህርት ክፍሉ ምድር ቤት አንድ የዕቃ ክፍል ነበር። ተማሪ ስሙንና የሥራውን ቁጥር በመዝገብ ላይ ጽፎ ስሜት ሰጪ፣ ሽቦ፣ ብሎን ይወስዳል፤ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ይታሰባል። የዚያ አገር ሀብት የእኛ አይደለም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ያ የዕቃ ክፍል የሀብት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በአብዛኛው የእምነትና የአሠራር ጉዳይ ነበር።

ስለ ገንዘብ መጠን ከተነሣ ትልቅ ገንዘብ ብቻ ለውጥ ያመጣል የሚለውን አስተሳሰብ አንቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊድን የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሳይንስ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች ለሚገኙ ጀማሪ ተመራማሪዎች ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ከ12,000 የአሜሪካ ዶላር የማይበልጥ ነበር። ሥራው መልካም ከሆነ ሁለት ጊዜ ሊታደስ ይችል ነበር። ገንዘቡ የሚሰጠው ለተመራማሪው በስሙ ስለነበረ ጀማሪው በአለቃው ሥራ ሥር ተለጣፊ አይሆንም ነበር፤ መሣሪያ ለመግዛት የተቸገረም እርዳታ ያገኝ ነበር። ከዚህ የምንማረው የመታደሱን ነገር ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሽልማት ያለፈውን ያከብራል። ሊታደስ የሚችል ትንሽ ድጋፍ ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መኸር ይገዛል። የሽልማት ውድድሮች በዝተዋል፤ እኛም ዳኛ ሆነን ተቀምጠንባቸዋል። አሸናፊው በመድረክ ላይ የሚቀበለው ትልቅ የካርቶን ቼክ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ያ ገንዘብ በስድስት ከፍሎ በሦስት ዓመት ውስጥ ለስድስት ተማሪዎች ቢሰጥ ይበልጥ ይጠቅም ነበር ብለን በልባችን ማሰባችን አልቀረም።

ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ ብቻ መንጠልጠልም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይመሩ የነበሩት ፊድ ዘ ፊውቸር የተባሉት የእርሻ ምርምር ማዕከላት አብዛኞቹ ገንዘባቸው ተቋርጧል፤ ከእነዚህም መካከል በኢትዮጵያ ሥራ የነበራቸው ይገኙባቸዋል። ሙከራ በመካከሉ ሲቆም የሚጠፋው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የተጀመረው የመኸር መረጃ ሰንሰለትም ይበጠሳል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2007 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመክሩ አገሮች ለምርምር ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶ እንዲመድቡ ጥሪ አድርገው ነበር። አብዛኞቹ አገሮች ከዚያ አልደረሱም። 1 በመቶው እስኪሞላ ድረስ ግን አንድ ፋኩልቲ ከራሱ ገቢ ጥቂት ቆርሶ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ የሚከለክለው የለም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቅጽ ላይ «አማካሪ» የሚል ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ ስም ይጻፋል፤ ፊርማ ይደረጋል። አማካሪ በጽሑፉ ላይ አስተያየት ይሰጣል። እኛ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ መካሪ ነው፤ ማለትም ተማሪውን ከሰው ጋር ስለሚያገናኝ፣ ወደ ማሳ አብሮ ስለሚወርድ፣ «ይህን ተወው፣ ያንን ያዝ» ስለሚል ሰው።

የዚህን ክብደት የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ታሪክ ያሳያል። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲመረቁ ገና ስም ያልነበራቸው ወጣት ነበሩ። በኮሌጁ የነበሩት መካሪያቸው ስለ ማሽላ ያጠና ከነበረው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ከጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው። አክስቴልም በአገሪቱ እየተዘዋወረ የማሽላ ዝርያዎች ሲሰበስብ እንዲያግዙት ጋበዛቸው፤ በሥራቸውም ስለተደነቀ ተማሪው አድርጎ ወሰዳቸው። ገቢሳ የሦስተኛ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 ካገኙ በኋላ ወደ ሱዳን ሄደው ድርቅን የሚቋቋመውን ሃጂን ዱራ 1 የተባለ ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ ዘሩም እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ከዚያም በፐርዱ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋር ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። እኛ ግን የመጀመሪያውን ደጋግመን እናነሣዋለን። ያ የዓለማያ መምህር ያደረገው ነገር ገንዘብ አላስወጣውም፤ አንድን ተማሪ ከአንድ ሰው ጋር አስተዋወቀ። ደግሞም ልብ እንበል፤ የአቀንጭራ ጥያቄ የተፈታው ዘር አዳቃይና ባዮኬሚስት አብረው ስለተቀመጡ ነው። የእኛ የእርጥበት መለኪያ ሠሪ ተማሪም የፊዚክስ መምህር ብቻ መካሪ ቢሆናት ስለ ሻጋታ የሚነግራት አታገኝም። እኛ ስለ ሻጋታ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው።

የጤፍም ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑና አበባውም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። በደብረ ዘይት ከተዳቀሉት መካከል ነጭ ፍሬንና ከፍተኛ ምርትን ያጣመረው ቁንጮ የተባለው ዝርያ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከአንዱ ማለዳ እስከ ቁንጮ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ ርዝመት ውስጥ ሥራውን ያቆየው አንዱ ተመራማሪ ለሌላው ማስረከቡ ነው። የእኛ የዐውደ ርእይ ማድረቂያዎች የጎደላቸው ይህ ነው፤ የሚረከባቸው የለም። የተመራቂው ማስታወሻ ደብተር ከእርሱ ጋር ወደ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

መካሪነት በሥርዓት ሊዘረጋ እንደሚችል ያሳየ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች የተቋቋመውና አዋርድ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው መርሐ ግብር ሲነደፍ እያንዳንዷን ተመራማሪ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ለሁለት ዓመት ያጣምር ነበር፤ እርስዋም በተራዋ አንዲት ታናሽ እኅት እንድትመክር ይጠበቅባት ነበር። በእኛ ዘንድ መምህር ወደ ላይኛው ማዕረግ ሲያድግ በዋናነት የሚቆጠሩለት በመጽሔት የወጡ ጽሑፎቹ ናቸው። ከተማሪው ጋር ሦስት መኸር ማሳ ላይ የቆመ መምህርና በቢሮው ተቀምጦ የፈረመ መምህር በዚያ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ መምህራንን መውቀስ ብቻውን ተገቢ አይሆንም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እንገምታለን። የመጀመሪያው ለተማሪ በእጁ ገንዘብ ቢሰጥ ይባክናል የሚል ነው። ሊባክን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ገንዘቡን በሁለት ከፍሎ መስጠት፣ ሁለተኛውንም ክፍል ከመኸር በኋላ የተሞላው የመረጃ ሰንጠረዥ ሲታይ መልቀቅ ነው። «መሣሪያው አልሠራም» የሚል በመረጃ የተደገፈ ውጤትም ሊከበር ይገባል፤ አለዚያ ተማሪው ያልሠራውን ሠራ እንዲል እናስተምረዋለን። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ በሌላ አገር የተሠራውን ለምን እንደገና እንሠራለን የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቀደም ብለን በገለጽነው መርሕ የሚሠራ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ሠርተዋል፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ሦስት ድርብ ከረጢትም እንዲሁ ነው። ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርስ መብላቱንና መራባቱን ያቆማል። ይህ ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ የተጀመረ ሲሆን በሰፊው መሠራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው። እኛም ወጣቶቻችን ሁሉን ከባዶ ይጀምሩ አንልም። ለጤፍና ለገብስ የሚሆነውን መስመር ማውጣት፣ ከረጢቱ በወይና ደጋና በቆላ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆይ መከታተል፣ መሣሪያውን እዚሁ የሚጠግን ሰው እንዲኖር ማድረግ ምርምር ነው። አዲስ ስም ያለው ዕቃ ካልቀረበ ፈጠራ አይደለም የሚለው የዳኞች ልማድ ግን ብዙ ተማሪ አሳስቷል።

ምን ይደረግ? የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ርእሷን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ በግንቦት ትምረጥ። ፋኩልቲው ማመልከቻውን በሰኔ ይወስን፤ ገንዘቡም አዲሱ በጀት እንደተከፈተ በነሐሴ ይሰጥ፤ መስከረም ላይ መሣሪያው በእጇ ይኑር። በትምህርት ክፍሉ ለተለመዱት ዕቃዎች አንድ የዕቃ ክፍልና አንድ መዝገብ ይኑር። ተመራቂ ሁሉ መሣሪያውንና ደብተሩን ለሚተካው ተማሪ ሳያስረክብ አይሰናበት፤ ያለፈው ዓመት ማድረቂያ በማሳ ሳይፈተንም አዲስ ማድረቂያ የሚል ርእስ አይጽደቅ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ተማሪዎችን እንደሚያስከፋ እናውቃለን፤ ቢሆንም እንገፋበታለን።

ለተማሪዎች የምንለው ጥቂት ነው። ርእስ ከመምረጣችሁ በፊት ወደ መምህራችሁ ሄዳችሁ በኅዳር ወር ለስንት ቀን አብሯችሁ ማሳ እንደሚወርድ ጠይቁት። ጥያቄው ድፍረት መስሎ ቢታያችሁ አትፍሩ፤ መልሱ ለእናንተ ያስፈልጋል። ከሌላ ትምህርት ክፍልም ሁለተኛ መካሪ ፈልጉ። ሦስተኛው መካሪ ደግሞ በቅርባችሁ ካለው ቀበሌ እህል የምታከማች አንዲት እናት ብትሆን እንመርጣለን፤ ስለ ጎተራ የምታውቀውን በመጽሐፍ አታገኙትም፤ የእናንተንም መሣሪያ በመጀመሪያ የምትንቀው እርስዋ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያላችሁት ደግሞ ከምድጃም ከገንዘብም ሳትጠብቁ በጨውና በጠርሙስ መጀመር ትችላላችሁ። ከመኸር እስከ በጋ በየሳምንቱ ከአንድ ጎተራ ናሙና ወስዳችሁ ጨው መጣበቁንና አለመጣበቁን፣ የቀኑንም ሙቀት በደብተር መዝግቡ። ደብተሩን ወደ ፋኩልቲያችን ይዛችሁ ብትመጡ ከምድጃው ውጤት ጋር አብረን እናስተያየዋለን፤ ቤተ ሙከራው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።